የአያ ጉልላት እጅና የፊታውራሪ ጓንጉል አልማዝ

አያ ጉልላት ወርቅ ሠሪው የሞተው በሰማንያ ዓመቱ ነው፤ ሲቀበርም ሁለቱም እጆቹ አብረውት ተቀብረዋል። ይህን የምለው ያለ ነገር አይደለም። ቀኝ እጁ ከእሱ ቀድሞ ወደ መቃብር ሊወርድ ትንሽ ነበር የቀረው። እኔ ነገሩን ከአባቴ ሰማሁ፤ አባቴ ከአጎቱ ሰማ፤ አጎቱ ደግሞ ከማን እንደሰማ ሳይናገር ሞተ። ስለዚህ «እውነት ነው ወይ?» የሚለኝ ሰው ካለ መንገዱ ክፍት ነው፤ ሄዶ ሟቹን ይጠይቅ።

ጊዜው አራዳ ገበያ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ የነበረበት ነው። አያ ጉልላት ከገበያው ታችኛው ጫፍ፣ ከጎጆው በር ላይ፣ ወናፉንና መዶሻውን ይዞ ይቀመጣል። ራሱ መላጣ፣ እጁ ብልህ፣ ምላሱ ግን ጌታ የሌለው ነበር። ከፊት ለፊቱ ብዙአየሁ የሚባል ነጋዴ ይሸጣል። ብዙአየሁ ሁለት ጊዜ ጅቡቲ ደርሶ ተመልሷል፤ በመጀመሪያው ባርኔጣ፣ በሁለተኛው አልማዝ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ እንደ ፈረንጅ «ሙሴ ብዙአየሁ» ብለው ካልጠሩት ዞር ብሎ አያይም። የአገሩ መኳንንት ስለ በቅሎ፣ ስለ ጠመንጃና ስለ ርስት የማያውቁት ነገር አልነበረም። ስለ አልማዝ የሚያውቁት ግን ውድ መሆኑን ብቻ ነው። ለብዙአየሁ ይህ ይበቃው ነበር።

፨

ብዙአየሁ አልማዙን የሚያሳየው በቀትር ፀሐይ ብቻ ነው። ሰማዩ ከደመነ ሳጥኑን ቆልፎ ወደ ቤቱ ይገባል። ፀሐይ ሲወጣ ግን ጥቁር ከፋይ ያነጥፍና ድንጋዮቹን ይደረድራል፤ ሰዉም ዓይኑን በእጁ ከልሎ ይከበዋል። አንድ ቀን የፊታውራሪ ጓንጉል ባለቤት፣ ወይዘሮ ይመኙሻል፣ በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉ። የአንድ ቀኛዝማች ሚስት በሰርግ ላይ አልማዝ አድርጋ ካዩ ወዲህ እህል አልወርድላቸው፣ እንቅልፍ አልወስዳቸው ብሎ ነበር።

«አንተ ጉልላት፣ ና ተመልከት! ዓይኔን እኮ ወጋኝ! እንዴት ነው የሚያበራው!» አሉት።

«እስቲ ወደ ጥላው አስገብተው ይዩት እመቤቴ» አለ አያ ጉልላት።

«ለምን ብዬ? እዚሁ እያበራ አይደለም እንዴ?»

አያ ጉልላት ቆቡን አወለቀና ራሱን ወደ ፀሐዩ ዘንበል አደረገ።

«በዚህ ፀሐይማ የእኔም መላጣ ያበራል።»

፨

ወይዘሮ ይመኙሻል ቤታቸው ገብተው ምን እንዳሉ አይታወቅም፤ በማግስቱ ግን ፊታውራሪ ጓንጉል ራሳቸው በበቅሎ ከተፍ አሉ። ፊታውራሪ አጠር ቀጠን ያሉ ሰው ነበሩ፤ በቅሏቸው ግን ግመል ልትሆን ትንሽ የቀራት ናት። ብዙአየሁ ሁለት ድንጋይ አወጣላቸው። አንዱ ባቄላ ያክላል፤ ነገር ግን አቆራረጡ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርብ ሰው የቆረጠው ይመስል ስለነበር ከወንዝ ጠጠር የሚለየው ዋጋው ብቻ ነው። ሌላይቱ የምስር ፍሬ ታክላለች። እሷን የቆረጣት ሰው ግን እጁ ይባረክ፤ ጠርዟ ሁሉ በልክ በልኩ ስለሆነ እንኳን በፀሐይ በጥላም እሳት ትተፋለች። ፊታውራሪ ባቄላውን ላፍ አደረጉት።

አያ ጉልላት አላስችል አለው። «ጌታዬ፣ አልማዝ በትልቅነቱ ብቻ አይገዛም። ብርሃኑን የሚያወጣው አቆራረጡ ነው። ምስሯ ትሻልዎታለች» አለ ከበሩ ላይ ሆኖ።

«ወግድ አንተ!» አሉ ፊታውራሪ። «ትልቅ ምንጊዜም ከትንሽ ይበልጣል!»

«እንዲያማ ቢሆን ጌታዬ፣ በቅሎዋ ተቀምጣ እርስዎ በተሸከሟት ነበር።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ፊታውራሪ ግን አልሳቁም፤ ልጓሙን ስበው ሄዱ። አያ ጉልላትም ጅራፍ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩ ትዝ ያለው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ቀን ሚስቱ ሁለተኛ መኳንንትን እንዳይተናኮል በማርያም አስማለችው።

፨

መሐላው ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ፊታውራሪ ተመልሰው መጡ፤ ባቄላው ከልባቸው አልወጣ ብሎ ነበር። አያ ጉልላት አንገቱን ደፍቶ ወናፉን ሲነፋ እሳቸው ጠሩት። «ና ወዲህ! ምላስህን እዚያ ትተህ ዓይንህን ብቻ ይዘህ ና» አሉት።

አያ ጉልላት ከሚስቱ እንዝርት ትንሽ ጥጥ ነጭቶ መጣና ድንጋዩን ጥጡ ላይ አስቀመጠው። በጥቁሩ ከፋይ ላይ በረዶ ይመስል የነበረው ድንጋይ ጥጡ ላይ ሲያርፍ የከረመ ቅቤ መሰለ።

«ቢጫ ነው ጌታዬ» አለ። «አልማዝ የሚወደደው ሲነጣ ነው።»

ብዙአየሁ ቶሎ አለና፣ «ቢጫነቱማ ከወርቅ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ስላደገ ነው! ወርቅ ጠጥቶ ነው!» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ትንባሆ የበላው ጥርሱ እስከ መንጋጋው ታየ።

አያ ጉልላት ጥርሱን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ እንደገና ጥርሱን አየ።

«እንግዲያው ጌታዬ፣ ድንጋዩን ትተው ሰውየውን ይግዙት። ወርቁ በሙሉ ያለው አፉ ውስጥ ነው።»

ይህን ጊዜ ፊታውራሪ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ያለ አያ ጉልላት አንድ ድንጋይ አይመለከቱም፤ የተናገረውን ግን አንዱንም አይሰሙም።

፨

ባቄላው ውስጥ አንዲት ጥቁር ነቁጥ ነበረች። ፊታውራሪ በቅሎ ሲገዙ አፏን ከፍተው፣ ኮቴዋን አንስተው፣ ሻጩን «ነውሯን ተናገር!» ብለው የሚያስምሉ ሰው ናቸው። ነቁጧን ባዩ ጊዜ ጣታቸውን ቀሰሩባት። «ይህችስ ምንድን ናት?»

ብዙአየሁ እፍረት የሚባል ነገር ጅቡቲ ረስቶት መጥቷል። «እሷማ የልደት ምልክቱ ናት ጌታዬ! በፈረንሳይ አገር ነቁጥ የሌለበት አልማዝ እንደ ዲቃላ ነው የሚቆጠረው» አለ።

ፊታውራሪ ወደ አያ ጉልላት ዞሩ። አያ ጉልላት ድንጋዩን ወደ ብርሃን አንስቶ አገላበጠውና መልሶ አስቀመጠው።

«ይህ ሰው አንካሳ በቅሎ ቢሸጥልዎ ‹እስክስታ ታውቃለች› ይልዎት ነበር።»

፨

ብዙአየሁ ገዢው ሊያመልጠው መሆኑን ሲያይ አንድ እውነት ተናገረ፤ በዕድሜው ከተናገራቸው ጥቂቶች አንዷ ናት። «ጌታዬ፣ ይተንፍሱበት። ብርጭቆ ከሆነ ጉሙ ይቆይበታል፤ አልማዝ ከሆነ ወዲያው ይጠፋል» አለ። ፊታውራሪ ድንጋዩን አፋቸው ድረስ አስጠግተው እህ አሉበት። ከማለዳ ጀምሮ ጥሬ ሥጋውን በነጭ ሽንኩርት ሲያጣጥሙ፣ በላዩም አረቄውን ሲያወርዱበት ነበር የቆዩት። ጉሙ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አልቆየም።

«አየህ ጉልላት! አየህ! ወዲያው ጠፋ!»

አያ ጉልላት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አልማዝስ አልማዝ ነው ጌታዬ፤ መጥፎ አልማዝ። ስለ ጉሙ ግን አይፍረዱ፤ ማንም ቢሆን ይሸሽ ነበር።»

፨

ምስሯስ የት ደረሰች ያላችሁ እንደሆነ፣ የገዛት ግራዝማች ሽበሺ ነው። ግራዝማች ሽበሺ በሀብቱም በንፍገቱም የታወቀ ሰው ነበር፤ ምስሯንም የወደዳት ለአቆራረጧ ሳይሆን ለርካሽነቷ ነው። ቀለበት ካሠራት በኋላ ግን ድንጋዩን ወደ መዳፉ አዙሮ፣ ጨብጦ ይሄዳል። አያ ጉልላት አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘውና፣ «ምነው ግራዝማች፣ ጌጡን ወደ ውስጥ አዞሩት?» አለው።

«ሰው ሁሉ እያየው ብርሃኑ ቢያልቅብኝስ?» አለ ግራዝማች ሽበሺ።

«ደግ አደረጉ። የእርስዎን መዳፍ ለማኝ እንኳ አይቶት አያውቅም።»

፨

ከዚህ በኋላ ብዙአየሁ ሳጥኑን ቆልፎ ሁለት ሳምንት ጠፋ። ሲመለስ አንድ ቀለበት ይዞ መጣ። በቀለበቱ ላይ ያለው ድንጋይ እንደ ባቄላው ትልቅ ነው፤ ነገር ግን እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፣ ነቁጥ የሌለበት፣ በጥላ ውስጥ እንኳ የሚያንጸባርቅ። አያ ጉልላት ያን ሁሉ ቀን ሲያስተምር ከተማሪዎቹ ሁሉ ከልቡ ያዳመጠው ለካ ብዙአየሁ ብቻ ኖሯል።

ፊታውራሪ በጥጥ ሞከሩት፣ በጥላ ሞከሩት፣ አገላብጠው አዩት። የትንፋሹን ፈተና ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አፍረው ትተውታል። እንከን አጡለት። የቀረው ዋስ ብቻ ነበር። የአገሩ ልማድ ነው፤ በቅሎም ሆነ ጠመንጃ ሲሸጥ ሻጩ ዋስ ይጠራል፤ ነገሩ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚያዝ፣ ቤቱ የሚታወቅ ሰው። «ዋስህ ማን ነው?» አሉት።

ብዙአየሁ ቀይ ማኅተም ያለበት፣ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ዘረጋ። «ዋሴ ይኸውና! ሙሴ ዣክ የሚባል የፓሪስ አልማዝ አዋቂ በፊርማው አረጋግጧል።»

ወረቀቱን ማንበብ የሚችል በገበያው አልነበረም። አያ ጉልላት ብድግ አለ። «ዋስ ማለት ሲጠሩት አቤት የሚል ነው። እንጥራው እንጂ» ብሎ ከአንድ ቋጥኝ ላይ ወጣ፤ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዙሮ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። «ሙሴ ዣክ! ኧረ ሙሴ ዣክ ሆይ!»

ከጨው ተራ በኩል አንድ አህያ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ረጅም፣ የልብ የሚያደርስ ማናፋት አናፋ።

አያ ጉልላት ከቋጥኙ ወረደ።

«አቤት ብሏል ጌታዬ፤ ይግዙት።»

፨

ፊታውራሪም ገዙት፤ እንደ ቀልድ ሳይሆን የምር። ወይዘሮ ይመኙሻል «ቀለበቱ ካልመጣ ወደ አባቴ ቤት እሄዳለሁ» ብለው ነበርና። ብዙአየሁ ደግሞ በጆሯቸው፣ «ይህ ድንጋይ መንታ ነው። ወንድሙን አንድ ትልቅ ሰው ወስዶታል፤ ስሙን ብነግርዎ ይደነግጣሉ» ብሎ ልባቸውን ሰቅሎታል። ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት ግን አያ ጉልላት ቀለበቱን ተቀብሎ ገለበጠው። ከድንጋዩ ሥር ያለው ወርቅ ድፍን ነበር፤ የድንጋዩ ጀርባ ጨርሶ አይታይም።

«ጌታዬ፣ ይህን ሳይከፍቱ አይግዙ። ደህና ድንጋይ ከኋላው ብርሃን ይገባው ዘንድ ክፍት ይተዉለታል። ይህ የተደፈነው የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው» አለ።

«ከተከፈተ ይረክሳል!» አለ ብዙአየሁ። ፊታውራሪም «ይረክሳል ተብሏል!» ብለው ደገሙት።

«ልጅዎን ሲድሩ የአማችዎን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ለዚህ ግን ጀርባውን ለማየት ሰነፉ።»

፨

ወይዘሮ ይመኙሻል ቀለበቱን ካደረጉ ወዲህ ንግግራቸው ሁሉ በእጅ ሆነ። ጨው አቀብሉኝ ሲሉ በቀለበት ጣታቸው ያመለክታሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወዴት ነው ለሚል መንገደኛ ብቻ ሳይሆን ምንም ላልጠየቀውም ያመለክቱለታል። አንድ ጎረቤት አያ ጉልላትን፣ «እመቤታችን ምን ነካቸው?» ቢለው፣

«ተወኝ እባክህ! ቀለበቱ ከመጣ ወዲህ በዚህ ሰፈር መንገድ የጠፋበት ሰው የለም» አለ።

፨

ነገር ግን ድንጋዩ ቀን በቀን እየጨለመ ሄደ። በማዕድ ጊዜ እጅ በታጠቡ ቁጥር ከሥሩ አንዲት ጥላ ትገባበታለች፤ ጥላዋም አትወጣም። ብዙአየሁ ተጠርቶ ቢጠየቅ፣ «ውሃ አስነክተውት ነዋ! አልማዝና ውሃ ጠላት ናቸው። ወንድሙን የገዛው ጌታ ያንን እጁን ከገዛው ቀን ጀምሮ ታጥቦት አያውቅም» አለ። ወሬው አያ ጉልላት ዘንድ ደረሰ።

«ከፍጥረት ጀምሮ ክረምት ሲወርድበት ከመሬት ሆድ የኖረ ድንጋይ፣ በአንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ሞተ በሉኛ!»

፨

ሁዳዴ ገባ። ወይዘሮ ይመኙሻል ጾመኛ ነበሩና ከሱ፤ ጣታቸውም ከሳ፤ ቀለበቱ ይወልቅ ጀመር። ፊታውራሪ ቀለበቱን ለማስጠበብ ወደ አያ ጉልላት ላኩት፤ ብቻውን ግን አይደለም። ያን ጊዜ ወርቅ የሚያሠራ ሰው ሥራው እስኪያልቅ ከወርቅ ሠሪው ፊት አይነሳም። ዓይኑን ካነሳ ወርቁ ይጎድላል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ አጋፋሪ ይልቃል የሚባሉ የፊታውራሪ የቤት ሹም ቀለበቱን ይዘው መጡና ከወናፉ ፊት ለፊት ተደላድለው ተቀመጡ።

«ድንጋዩን ላውጣው፤ ወርቁ ሲበየድ እሳት ይነካዋል» አለ አያ ጉልላት።

«አይሆንም!» አሉ አጋፋሪ። «ፊታውራሪ ድንጋዩ ካለበት እንዳይነቃነቅ ብለዋል። ታወጣውና ትለውጠዋለህ።»

«አልማዝ ከሆነ እሳት ይችላል። ካልሆነ ግን እኔ የለሁበትም።»

«ሥራ ተብለሃል፣ ሥራ!»

«እሺ፤ እሳቱንም አብረው ይዘዙልኝ። ‹ወርቁን ንካ፣ ድንጋዩን አትንካ› ይበሉት።»

አጋፋሪ እሳቱን አላዘዙትም። አያ ጉልላት ድንጋዩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ፣ እየፈራ እየተባ፣ ወርቁን ለእሳት ሰጠው። ጥቂት ቆይቶ «ጣ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ድንጋዩ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ከሥሩም የጨሰች፣ የጥፍር ስፋት ያላት የምታብረቀርቅ ስስ ቆርቆሮ ወደቀች። ድንጋዩ ተራ ብርጭቆ ነው፤ ያ ሁሉ ብርሃን የእሷ ነበር። አያ ጉልላት በጉጠቱ አነሳት። በር ላይ የቆመችው ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አጋፋሪ ይልቃል ግን «ሌባ! ሌባ ያዙልኝ!» እያሉ ወደ ገበያው ሮጡ።

፨

ያን ጊዜ የሌባ ቅጣቱ እጅ ነው። ወርቅ ሠሪ እጁን ከተቆረጠ ደግሞ የተረፈው አካሉ ምን ይሠራል? ቆርቆሮዋን ያየ ሰው ሁሉ እውነቱን አውቆታል፤ ፊታውራሪ ጓንጉልም አላጡትም። ነገር ግን «ተሞኘሁ» ከማለት «ተሰረቅሁ» ማለት ቀለላቸው። ነገሩ ዳኛው አዛዥ ክንፉ ዘንድ ቀረበ። አዛዥ ክንፉ በርኖሳቸውን ደርበው ከዛፉ ሥር ተሰየሙ፤ ከፊታቸው የመቁረጫው ግንድ፣ በስተቀኛቸው ዘበኞቹ የሚሞቁት እሳት ነበር። የአያ ጉልላት ሚስት ከሰዉ ኋላ ቆማ ታለቅሳለች።

መጀመሪያ አጋፋሪ ይልቃል መሰከሩ። ዳኛው፣ «ከፊቱ ተቀምጠህ እያየኸው እንዴት ለወጠው?» ብለው ቢጠይቁ፣ አጋፋሪ ወደ ፊታውራሪ አየት አደረጉና፣ «ዓይኔን አልነቀልኩም ጌታዬ። ብቻ የከሰሉ ጢስ አንድ ጊዜ አስነጠሰኝ። ያኔ ነው የለወጠው» አሉ።

ዳኛው ወደ አያ ጉልላት ዞሩ። «ምን ትላለህ?»

«ጌታዬ፣ ሰው አንድ ጊዜ እስኪያስነጥስ ድንጋይ ነቅሎ፣ ሌላ ተክሎ፣ ወርቁን ደፍኖ የሚጨርስ እጅ ካለኝ፣ ይሾሙታል እንጂ ይቆርጡታል?»

ሰዉ ሳቀ፤ ዳኛውም ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። ፊታውራሪ ግን «ቀልድ ፍርድ አይሆንም! አልማዜን ያምጣ!» ብለው ጮኹ። ዳኛው ብዙአየሁን አስቀረቡት። «የሸጥኸው እውነተኛ አልማዝ ለመሆኑ ዋስህ ማን ነው?» አሉት። ብዙአየሁ ወረቀቱን አወጣ። ዳኛው ወረቀቱን ገፋ አደረጉት። «ሰው ጥራ!»

ብዙአየሁ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ላቡ ይወርድ ነበር። ግራ ቀኝ ቢያይ የሚጠራው ሰው አጣ። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ እንግዲህ ግድ ካሉኝ፣ ዋሴ እርስዎ ነዎት። የዚያ ድንጋይ መንታ ወንድም ይኸው በግራ ጣትዎ ላይ አለ። ያ ብርጭቆ ከሆነ ይህም ብርጭቆ ነው፤ ይህ አልማዝ ከሆነ ያም አልማዝ ነበር» አለ።

ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። በዳኛው ግራ ጣት ላይ ባቄላ የሚያክል ድንጋይ ነበር፤ ከሥሩም ጥላ ገብቶበታል። ሆኖም አዛዥ ክንፉ ኩራታቸው ቀደማቸው። «የእኔ አልማዝ እንከን የለውም!» አሉ። «መንታው እውነተኛ ከሆነ ይህ ሰው ለውጦታል ማለት ነው። እጁን ግንዱ ላይ ያኑር!»

ፊታውራሪ እፎይ አሉ። ብዙአየሁ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። የአያ ጉልላት ሚስት «ወየው እጁ! ወየው የልጆቼ እንጀራ!» ብላ ጮኸች። አያ ጉልላት ማንም ሳይገፋው ወደ ግንዱ ሄደ፤ ቀኝ ክንዱን ገልጦ፣ አምስቱን ጣቱን ዘርግቶ አስቀመጠው።

«ጌታዬ፣ ውርርድ የችሎት ልማድ ነው፤ እኔም ይህን እጄን አስይዣለሁ» አለ። «እሳቱ ይኸው፣ የዘበኞቹም ውሃ ይኸው። የእርስዎን ቀለበት በእሳቱ ላግለውና ውሃው ውስጥ ልንከረው። ድንጋዩ በደህና ከወጣ ፍርድ አያስፈልገኝም፤ መጥረቢያውን ራሴ አቀብላለሁ። ከተሰነጠቀ ግን የሰረቀው ማን እንደሆነ ይናገራል። ያምጡት ጌታዬ።»

ሁሉም ዓይን ወደ ዳኛው ግራ እጅ ዞረ። ዳኛው ብዙአየሁን አዩ፤ ብዙአየሁ መሬት መሬት ያያል። እሳቱን አዩ። ከዚያ ግራ እጃቸው ቀስ፣ ቀስ እያለ በበርኖሳቸው ሥር ገባ።

አያ ጉልላት እጁን ከግንዱ ላይ ሳያነሳ ቀና ብሎ አያቸው።

«ጌታዬ፣ ይቆረጥ የተባለው የእኔ እጅ ነበር፤ የተደበቀው ግን የእርስዎ ሆነ።»